ከጓንዡ እስከ ሞጆ፦ የሠራንበት የትራንዚት ቢሮ ግምገማ

ለዳቦ ቤታችን ከቻይና ማሽን አስመጥተን በቅርቡ ተረክበናል። አንድ ትልቅ ሮታሪ ምድጃ፣ የሊጥ ማቡኪያ፣ መደርደሪያና ትሪ። ሥራውን ከፕሮፎርማው ጀምሮ ዕቃው ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪወጣ ድረስ የያዘልን አዲስ አበባ ያለ አንድ የጭነት አስተላላፊና የትራንዚት ቢሮ ነው። ስማቸውን አልጠራም። የማመሰግናቸውም የምወቅሳቸውም ነገር አለ፤ እናንተም ምናልባት ሌላ ቢሮ ነው የምትገቡት። የትኛውም ቢሮ ስትገቡ ግን ይህን ይዛችሁ ብትገቡ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ጥሩ ናቸው፣ ርካሽ ግን አይደሉም። ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ወረቀቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን አጭር ፊደል ቁጭ ብለው ያስረዳሉ። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚበላው እዚያ ያልተብራራው ፊደል ላይ ነው። ከነሱ በፊት የጠየቅነው ሌላ ቢሮ አንድ መስመር ጽፎ "ሁሉም ውስጡ ነው" ብሎ ሰጠን። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነበር። ምን ምን እንዳለበት ስንጠይቅ ግን "አታስቡ፣ እኛ አለን" ከሚል በቀር መልስ አልነበረም። ተውነው።

እነዚህኞቹ ጋ ስንገባ ፕሮፎርማውን የተቀበለችን ልጅ ገና የመጀመሪያውን ገጽ እንዳየች "ጋሼ፣ ኤፍኦቢ የት?" አለችኝ። አቅራቢው "ኤፍኦቢ" (ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ የሚያደርስበት ውል) ብቻ ብሎ ነበር የጻፈው። ወደብ የለም፣ የትኛው እትም እንደሆነም የለም። እነዚህ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ኢንኮተርምስ ይባላሉ። የሚያወጣቸው ፓሪስ ያለው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ1936 ወጣ፣ አሁን የሚሠራበት ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ያለው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 11 ቃላት ናቸው። 7ቱ ለየትኛውም ማጓጓዣ ይሆናሉ። 4ቱ፣ ማለትም ኤፍኤኤስ፣ ኤፍኦቢ፣ ሲኤፍአርና ሲአይኤፍ፣ ለባሕር ብቻ ናቸው። ከቃሉ ቀጥሎ ቦታ መጻፍ አለበት፤ ቦታ የሌለው ቃል ወጪው የት እንደሚቆም አይናገርምና። "ኤፍኦቢ ናንሻ ወደብ፣ ጓንዡ፣ ኢንኮተርምስ 2020" ተብሎ እንዲስተካከል ያደረጉት እነሱ ናቸው። ፋብሪካው ፎሻን ነው። ከፎሻን እስከ ወደቡ ያለውን መኪናና የቻይና ጉምሩክ ወጪ አቅራቢው እንደሚሸፍን ያኔ በግልጽ ተጻፈ።

ቃላቱ የሚወስኑት ሦስት ነገር ነው። የትኛውን ወጪ ማን ይከፍላል፣ ዕቃው ቢጎዳ ኪሳራው ከየት ጀምሮ የማን ነው፣ የወጪና የገቢ ጉምሩኩን ማን ይጨርሳል። የማይወስኑትም አለ፤ ዕቃው መቼ ንብረትህ እንደሚሆን፣ ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም፣ ብትጣሉ የት አገር እንደምትካሰሱ አይነግሩም። ይህን ለብቻው ውል ውስጥ ማስገባት የግድ ነው።

አቅራቢው መጀመሪያ ኤክስ ዎርክስ ሊሸጥልን ፈልጎ ነበር፤ ዋጋው ዝቅ ይላል። ቢሮው አትቀበሉ አለን። በኤክስ ዎርክስ ሻጩ ዕቃውን በር ላይ አዘጋጅቶ ከመቆም ያለፈ ግዴታ የለበትም፤ መኪና ላይ መጫኑ እንኳ የገዢው ነው፣ ከቻይና ማስወጣቱም የገዢው ነው። እዚያ አገር ወኪል የሌለው ሰው ይህን በምን ይጨርሳል? በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ዲዲፒ አለ፤ ሻጩ ቀረጡን ጭምር ከፍሎ በርህ ድረስ አመጣለሁ የሚልበት። አንዳንድ የቻይና ነጋዴ በቀላሉ ቃል ይገባዋል። የኢትዮጵያ የአስመጪ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ የሌለው ሻጭ እዚህ ጉምሩክ ፊት እንዴት ቀርቦ ያስጨርሳል የሚለውን ጠይቁት፤ ያኔ ዝም ይላል።

ስለ ኤፍኦቢ የነገሩን አንድ ነገር ብዙ ነጋዴ የሚያልፈው ይመስለኛል። በኤፍኦቢ ኪሳራው ወደ ገዢው የሚዞረው ዕቃው መርከቡ ላይ ሲጫን ነው። ድሮ የመርከቡን የጠርዝ አጥር ሲሻገር ነበር የሚባለው፤ ከ2010 እትም ጀምሮ ያ ቀረ። ኮንቴይነር ግን በቀጥታ መርከብ ላይ አይጫንም። መጀመሪያ ወደብ ግቢ ውስጥ ለመርከብ ድርጅቱ ይሰጥና ተራውን ይጠብቃል። በዚያ መካከል አንድ ነገር ቢሆን ዕቃው ከሻጩ እጅ ወጥቷል፣ ኪሳራው ግን ገና የእሱ ነው፤ ጭቅጭቅ ይመጣል። ስለዚህ ምክር ቤቱ ራሱ ለኮንቴይነር ኤፍሲኤ የሚለውን ይመክራል፤ በእሱ የሻጩ ኃላፊነት ዕቃውን ለአጓጓዡ ሲያስረክብ ያበቃል። እኛ ባንኩም አቅራቢውም የለመዱት ኤፍኦቢ ስለሆነ በዚያው ሄድን፤ ያለውን ክፍተት ግን አውቀን ነው የፈረምነው።

ሲኤፍአር (ሻጩ የመርከቡን የሚከፍልበት) እና ሲአይኤፍ (ኢንሹራንሱንም የሚጨምርበት) ላይ ያለው ነገር ደግሞ ከሁሉም ያሳስበኛል። "ሲአይኤፍ ጅቡቲ" ስትባሉ ሻጩ የመርከቡንም የኢንሹራንሱንም ከፍሎ ስለሆነ ዕቃው ጅቡቲ እስኪደርስ ኃላፊው እሱ ይመስላል። አይደለም። ሻጩ እስከ ጅቡቲ ይከፍላል፣ ኪሳራው ግን ልክ እንደ ኤፍኦቢ ቻይና መርከቡ ላይ ሲጫን ወደ ገዢው ይዞራል። ባሕር ላይ ከጠፋ የምትከራከሩት ከኢንሹራንሱ ጋር ነው፣ ከሻጩ ጋር አይደለም። ኢንሹራንሱም በሲአይኤፍ ሻጩ የሚገዛው ዝቅተኛውን ነው፤ ክሎዝ ሲ ይባላል። ክሎዝ ሲ እሳትን፣ የመርከብ መስጠምንና ግጭትን የመሰሉ ትላልቅ አደጋዎችን ይይዛል። ስርቆትን አይዝም፣ ኮንቴይነር ውስጥ የገባ የባሕር ውኃንም አይዝም። የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ያለው ምድጃ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሲአይፒ በተባለው ቃል ግን በ2020 እትም ሻጩ ሰፊውን ክሎዝ ኤ እንዲገዛ ግዴታ ተደርጓል። በፊደል ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ሽፋናቸው ግን በጣም ይራራቃል።

እኛ አገር ባንክ የአገር ውስጥ ኢንሹራንስ ስለሚጠይቅ ብዙው አስመጪ በኤፍኦቢ ወይም በሲኤፍአር ነው የሚገዛው። ኢንሹራንሱን እዚህ ራሳችን ገዛን። ቢሮው ክሎዝ ኤ እንዲሆን፣ ሽፋኑም ጅቡቲ ላይ እንዳይቆም፣ መጋዘናችን ድረስ እንዲጻፍ አስጨመረ። የመድኑም መጠን የዕቃው ሲአይኤፍ ዋጋ 110 በመቶ ሆነ፤ የተለመደው ልክ ይህ ነው። የጦርነት አደጋ ደግሞ ኤ ውስጥም ቢሆን የለም፣ ለብቻው ይገዛል። ከኖቬምበር 2023 ወዲህ ቀይ ባሕርና ባብ ኤል መንደብ ላይ መርከብ ሲመታ ለከረመበት አካባቢ ጅቡቲ ጎረቤት ናት፤ እዚህ ላይ ቁጠባ አያዋጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሬ ልናገር፤ ሰው ስለማያውቀው ነው። ጄነራል አቨሬጅ የሚባል በጣም የቆየ የባሕር ደንብ አለ። መርከቡንና ጭነቱን ከጋራ አደጋ ለማዳን ወጪ ከወጣ፣ ወጪውን የመርከቡ ባለቤትና መርከቡ ላይ ዕቃ ያለው ሁሉ እንደ ንብረቱ ዋጋ ይካፈሉታል። ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ በማርች 2021 ስዊዝ ቦይ ውስጥ ተሰክታ 6 ቀን የቆየች ጊዜ ይኼው ታወጀ። ዕቃው ምንም ሳይሆን እንኳ ባለቤቱ የመድን ዋስትና ካላቀረበ፣ መድን ከሌለውም ገንዘብ ካላስያዘ፣ ዕቃውን መውሰድ አይችልም። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ወረቀቱን ለኢንሹራንሱ ያስተላልፋል። የሌለው ከኪሱ ይከፍላል። "እቃዬ ብረት ነው፣ ምን ይሆናል" ለሚል ሰው ይህ ይድረሰው።

ወደ ቢሮው ልመለስ። በጣም የወደድኩት ሁለተኛው ነገር መለኪያውን መጠየቃቸው ነው። ዋጋ ስጡን ስንል "የምድጃው ሳጥን ቁመት ስንት ነው?" አሉን። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በውስጡ ርዝመቱ 5.9 ሜትር፣ ወርዱ 2.35 ሜትር ገደማ ነው። የበሩ ከፍታ ግን 2.28 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከውስጡ ቁመት ያንሳል። ከዚያ ከፍ ያለ ሳጥን ውስጡ ቦታ ቢኖርም በበሩ አይገባም። ያኔ ባለ 40 ጫማ ከፍተኛ ኪዩብ የሚባለው ያስፈልጋል፤ የእሱ በር 2.58 ሜትር አካባቢ ነው። የኛ ምድጃ የላይኛው ክፍል ተፈትቶ ለብቻው እንዲታሸግ አቅራቢው እንዲጠየቅ አደረጉ፣ በባለ 20 ጫማው ገባ። አንድ ጥያቄ ነው የኮንቴይነር ዋጋ ልዩነት ያስቀረልን። "ሁሉም ውስጡ ነው" ያለው ቢሮ ይህን አልጠየቀም።

ሙሉ ኮንቴይነር ኤፍሲኤል ይባላል፣ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው ደግሞ ኤልሲኤል ነው። ትንሽ ዕቃ ያላችሁ ኤልሲኤል ላይ ተጠንቀቁ። የሚከፈለው በኪዩቢክ ሜትር ወይም በቶን ነው፣ የበለጠው ይወሰዳል። 2.2 በ1.8 በ2.1 ሜትር የሆነ ሳጥን 8.3 ኪዩብ ይሆናል፤ ክብደቱ 1.4 ቶን ቢሆንም የምትከፍሉት የ8.3 ነው። በአየርም ያው ነው፤ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ6,000 ታካፍላላችሁ። 120 በ80 በ100 የሆነ ካርቶን 60 ኪሎ ቢመዝን እንኳ የሚታሰበው 160 ኪሎ ነው። የኤልሲኤል ሌላው ጣጣ ከቻይና በኩል የሚሰጠው እጅግ ርካሽ ዋጋ ነው። አንዳንዱ የመርከቡን ዋጋ ለምንም በሚባል ደረጃ ያወርደዋል። ከዚያ ዕቃው ሲደርስ የመለያያ፣ የሰነድ፣ የመጋዘን፣ የማስረከቢያ እያለ በዚህኛው ጫፍ ያስከፍላል። ዕቃው እጁ ላይ ስለሆነ መከራከሪያ የለህም። ስለዚህ የመድረሻ ወጪውን ዝርዝር ሳትይዙ እሺ አትበሉ። ይኼኛው ቢሮ የመድረሻ ወጪዎችን ለብቻ አምድ ከፍቶ ነው የጻፈው፤ ቲኤችሲ የሚባለው የወደብ የማንሻና ማውረጃ ክፍያ በመነሻና በመድረሻ ለየብቻው ተቀምጧል።

መልቲሞዳልና ዩኒሞዳል የሚለውን አብዛኛው አስመጪ ያውቀዋል፣ አዲስ ለሆናችሁ ብቻ። በመልቲሞዳል አንዱ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ዕቃውን ከውጭ ወደብ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ያመጣል፤ ጅቡቲ ላይ እናንተ የምትሠሩት የለም፣ ጉምሩኩ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ ላይ ይጠናቀቃል። በዩኒሞዳል የባሕሩ ሰነድ ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ትራንዚትና መኪና አስመጪው በወኪሉ ያስጨርሳል። የመልቲሞዳሉን ሥራ ለረጅም ጊዜ የያዘው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለግል ድርጅቶችም ፈቃድ ተሰጥቷል። እኛ በመልቲሞዳል መጣን። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መመለሱ አይከብድም።

ሰነዱ ላይ የሠሩት ሥራ ሙሉ ምስጋና ይገባዋል። ክፍያው በኤልሲ (ባንክ ሰነድ አይቶ ለሻጩ በሚከፍልበት የክፍያ ዋስትና) ነበር። በኤልሲ ባንክ የሚያየው ሰነድ ነው፣ ዕቃውን አያይም። ዩሲፒ 600 የተባለው፣ ከጁላይ 2007 ጀምሮ ባንኮች የሚገዙበት ደንብ፣ ባንኩ ሰነዱን እንዲመረምር እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀን ይሰጠዋል፤ ሻጩ ደግሞ ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ሰነዱን ማቅረብ አለበት፣ ኤልሲው ሌላ ካላለ። ፊደል ቢሳሳት፣ የክብደቱ ቁጥር ከማሸጊያ ዝርዝሩ ጋር ባይገጥም ልዩነት ተብሎ ሊመለስ ይችላል፣ በዚያ መካከል ዕቃው ወደብ ላይ ቁጭ ይላል። ቢሮው ቢኤሉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ከአቅራቢው አስልኮ ቃል በቃል ከኤልሲው ጋር አመሳከረ። አቅራቢው ተቀባይ በሚለው ቦታ የኛን ድርጅት ጽፎ ነበር። ኤልሲው የሚለው "በባንኩ ትእዛዝ" ነው፤ እኛ መጻፍ ያለብን ማሳወቂያ በሚለው ሣጥን ውስጥ ነው። ያዙት፣ ታረመ። "ፍሬይት ኮሌክት" (የመርከቡ ክፍያ በመድረሻ) መባሉንም አዩ፤ በኤፍኦቢ የመርከቡን የሚከፍለው ገዢው ስለሆነ "ፕሪፔይድ" (ቀድሞ የተከፈለ) ተብሎ ቢመጣ ሰነዱ እርስ በርሱ ይጣላል። ኦሪጅናል ቢኤል ብዙ ጊዜ 3 ሆኖ ይወጣል፣ በአንዱም ዕቃው ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሦስቱም የት እንዳሉ ማወቅ አለባችሁ። የባሕሩ ቢኤል የባለቤትነት ሰነድ ነው። የአየሩ ኤር ዌይቢል ግን እንደዚያ አይደለም።

ኤችኤስ ኮዱንም (ዕቃው በጉምሩክ የሚመደብበትን ቁጥር) እንዲሁ ዝም ብለው ከአቅራቢው አልተቀበሉም። የዳቦ ምድጃ በናፍጣ ወይም በጋዝ ከሆነ 8417.20 ውስጥ ይገባል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የኢንዱስትሪ ምድጃ ግን 8514 ነው፤ ማቡኪያው ደግሞ 8438.10። አቅራቢው ሁሉንም በአንድ ኮድ ጠቅልሎት ነበር። ዓለም አቀፉ ኮድ 6 አሃዝ ድረስ ለሁሉም አገር አንድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር ይጨምራል፤ ስለዚህ ቻይና የሚሰጠው ረጅሙ ቁጥር እዚህ አይሠራም።

የቀረጡን ስሌት ሲያሳዩንም በወረቀት ነው። ጉምሩክ የሚያሰላው በሲአይኤፍ ዋጋ ላይ ነው። በኤፍኦቢ ገዝታችሁ ደረሰኙ 20,000 ዶላር ቢል፣ መርከቡ 3,000፣ ኢንሹራንሱ 200 ቢሆን፣ መሠረቱ 23,200 ነው። ቀረጡ 20 በመቶ ነው ብንል 4,640 ይሆናል፣ 4,000 ያለ ሰው በጀቱ ይናጋል። ከዚያ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በዚህ ላይ ቀረጡ ተደምሮ ይታሰባል። "ኤፍኦቢ ስለገዛሁ ቀረጥ ይቀንስልኛል" የሚል ነጋዴ አሁንም አለ፣ አይቀንስም።

አሁን ወቀሳዬ።

መጀመሪያ ዲመሬጅ። እኛ አገር ወደብ ላይ የሚከፈል ቅጣት ሁሉ "ዲመሬጅ" ነው የሚባለው። በእርግጥ ግን ሦስት የተለያዩ ሒሳቦች አሉ። ወደቡ ለቦታው የሚያስከፍለው የመጋዘን ኪራይ አለ። ኮንቴይነሩ ከነዕቃው ከነፃ ቀኑ በላይ ወደብ ሲቆይ የኮንቴይነሩ ባለቤት የሚጠይቀው ዲመሬጅ አለ። ኮንቴይነሩ ከወደብ ወጥቶ ባዶው በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ዲቴንሽን አለ። የመጋዘን ኪራዩና ዲመሬጁ ጎን ለጎን ሊቆጥሩባችሁ ይችላሉ፤ ነፃ ቀኑም እንደ መርከብ መስመሩና እንደ ውሉ ይለያያል፣ አንዳንዱ መስመር ዲመሬጁንና ዲቴንሽኑን በአንድ ይቆጥራል። ይህን ቢሮው በደንብ አስረዳን። ያላስረዳን፣ ወይም ዋጋው ውስጥ ያላስገባው፣ ባዶውን ኮንቴይነር የሚመልሰው መኪና የማን ነው የሚለውን ነው። ዕቃው መጋዘናችን ከተራገፈ በኋላ "ባዶውን የሚመልስ መኪና እናንተ ናችሁ የምታቀርቡት" ተባልን። ያን ያህል ዝርዝር የጻፈ ቢሮ ይህን መርሳት አልነበረበትም። በአስቸኳይ ስለፈለግን መኪናው በውድ ነው የተገኘው፤ የኮንቴይነሩ መያዣ ገንዘብም እስኪመለስ ታግሶ የሚከታተለው እኛው ነበርን።

ሁለተኛ፣ ከሠራተኞቹ አንዱ "ይኼ በአረንጓዴ ነው የሚያልፈው፣ አይፈተሽም" ብሎ አረጋግጦልን ነበር። ቀይ ወጣ። ዲክለራሲዮኑ ወደ የትኛው መስመር እንደሚሄድ የሚመርጠው የጉምሩኩ የሥጋት ሥርዓት ነው፣ ማንም ትራንዚተር ቃል ሊገባበት አይችልም። ዕቃው ወርዶ ተፈተሸ፣ ምንም ችግር አልተገኘበትም፣ ግን የጫኝና አውራጅ ወጪ መጣ፣ ቀንም ሄደ። ቀዩ አላናደደኝም፤ ሕግ ነው። ቃል መግባቱ ነው ያናደደኝ። በዚያ ቃል ተማምነን የምድጃ ገጣሚውን ቀጥረን ነበርና።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ሒሳብ ላይ "ልዩ ልዩ ወጪ" የሚል መስመር ነበር። ደረሰኙን ስንጠይቅ የተወሰነውን አመጡ፣ የቀረውን ከብዙ ምልልስ በኋላ ቀነሱት። መቀነሳቸው ጥሩ ነው። መጀመሪያውኑ መጻፉ ግን ልክ አይደለም። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ለሒሳብ ሠራተኛችንም ችግር ነው፤ በግብር ጊዜ ተቀባይነት የለውም።

የስልክ ነገርም አለ። ክፍያ እስኪፈጸም ቴሌግራም ላይ ወዲያው ይመልሳሉ፤ ዕቃው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ፍጥነታቸው ቀነሰ። መርከቡ የት ደረሰ የሚለውን እኛው የኮንቴይነሩን ቁጥር እያስገባን በመርከብ ድርጅቱ መከታተያ ማየት ያዝን። ለነገሩ እናንተም እንዲህ አድርጉ፤ ቁጥሩ 4 ፊደልና 7 አሃዝ ነው፣ ቢኤሉ ላይ አለ።

እንደገና ብናስመጣ እነሱ ጋ እሄዳለሁ። የሰነድ ምርመራቸውና ከፋብሪካ በር እስከ መርከብ ያለውን ማስረዳታቸው ከከፈልነው በላይ አድኖናል። ግን ፈርሜ ከመውጣቴ በፊት የባዶ ኮንቴይነሩን መኪና፣ ቀይ ቢወጣ የሚመጣውን የማራገፊያ ወጪና "ያለ ደረሰኝ ወጪ አይከፈልም" የሚለውን ዋጋ ማቅረቢያው ላይ አስጽፌ ነው። ልምድ ላለው፣ የራሱ ሰነድ ሠራተኛ ላለው ትልቅ አስመጪ ዋጋቸው ይበዛበታል፤ ያስረዱትን ነገር ቀድሞ ያውቀዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽን ለሚያስመጣ አነስተኛ ድርጅት ግን እንዲህ ያለ ቢሮ ፈልጉ።

በኤልሲኤል ከጓንዡ ወይም ከዱባይ መለዋወጫ ያስመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ የመድረሻ ወጪው መጨረሻ ላይ ከተነገራችሁ ምን ያህል እንደራቀ ጻፉልኝ። ለምድጃው መለዋወጫ ማስመጣታችን ስለማይቀር እሱን አሁን ማወቅ እፈልጋለሁ።